«ወረዳችን ከአገር አማካይ በአራት እጥፍ ይሻላል» ማለት ይቻላል? የሕፃናት ጤና ቁጥሮችን ስለማነጻጸር የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ «በአማራ ክልል በአንድ የገጠር ወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት የሥርዓተ ምግብ ባለሙያ ነኝ። በግማሽ ዓመት ሪፖርታችን በእድገት ክትትል ከታዩት ሕፃናት የምግብ እጥረት ያለባቸው 9 በመቶ ናቸው። የአገሪቱ አማካይ 37፣ የክልላችን 41 በመቶ ነው። የፔንታ 3 (የአምስት በአንዱ ክትባት ሦስተኛ ዙር) ሽፋናችን 104 በመቶ ሲሆን የአገሪቱ የክትባት ሽፋን 43 በመቶ መሆኑን አይቻለሁ። ለምክር ቤት በሚቀርበው ጽሑፍ ላይ ወረዳው ከአገር አማካይ በአራት እጥፍ እንደሚሻል እንድጽፍ ተጠይቄያለሁ። ትክክል ነው? ካልሆነ እንዴት ላነጻጽር?»

ምላሽ፦

እንደዚያ ብለው አይጻፉ። 9ኙም 104ቱም ከጎናቸው ከተቀመጡት አገራዊ ቁጥሮች ጋር አንድ ነገር አይለኩም፤ ስለዚህ ወረዳው ይሻላል ወይም ይብሳል የሚል መልስ ከእነሱ ሊወጣ አይችልም። ነገሩ ደግሞ የአጻጻፍ ብቻ አይደለም። «አራት እጥፍ እንሻላለን» ተብሎ በምክር ቤት ከተነበበ በኋላ ለሚዛን፣ ለአልሚ ምግብ፣ ለጤና ኬላዎች ክትትል በጀት ይጨመርልን ቢሉ ማን ይሰማዎታል? የሚጎዱት ቁጥሩ ውስጥ ያልገቡት ልጆች ናቸው።

ከ9 በመቶው እንጀምር። በጤና ኬላ የእድገት ክትትል የሚታየው ክብደት ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ልጁን ትመዝናለች፣ ክብደቱን ከዕድሜው ጋር አገናዝባ ካርዱ ላይ ነጥብ ታስቀምጣለች፤ ከመስመሩ በታች የወደቀው «ክብደቱ ለዕድሜው ያነሰ» ተብሎ ይመዘገባል። 37 በመቶው ግን መቀንጨር ነው፤ ማለትም ቁመቱ ለዕድሜው ሲታይ ከዓለም ጤና ድርጅት የእድገት መለኪያ መካከለኛ ከሁለት ስታንዳርድ ዴቪየሽን (ልጆች ከመካከለኛው ምን ያህል እንደሚራራቁ የሚለካበት አሃድ) በላይ ዝቅ ያለ ልጅ። ሦስተኛው መለኪያ መቀጨጭ ሲሆን ክብደትን ከቁመት ጋር ያያይዛል። የ2011 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2019) አነስተኛው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ለአገሪቱ ያስቀመጠው መቀንጨር 37፣ መቀጨጭ 7፣ የክብደት ማነስ 21 በመቶ ነው። ስለዚህ የእርስዎ 9 ከ37 ጋር ሳይሆን ከ21 ጋር ነበር መቆም ያለበት። አዲስ አገራዊ ጥናት እጅዎ ከገባ ቁጥሮቹን ይተኩ፤ አሠራሩ አይለወጥም።

ከ21ዱም ጋር ቢሆን ግን ገና አይገጥምም። 21 በመቶው ከተወለዱ ጀምሮ አምስት ዓመት እስኪሞላቸው ያሉትን ልጆች ሁሉ ይይዛል፤ የእድገት ክትትል ሪፖርት የሚይዘው ከሁለት ዓመት በታች ያሉትን፣ ከእነሱም ወደ ጤና ኬላ የመጡትን ብቻ ነው። የምግብ እጥረት ከዕድሜ ጋር የሚከማች ነገር ነው። የእናት ጡት ብቻ በሚጠባበት ጊዜ ልጁ ከሞላ ጎደል ደህና ይሆናል፤ ከስድስት ወር በኋላ ተጨማሪ ምግቡ ሲዘገይ ወይም ቀጭን አጥሚት ብቻ ሲሆን፣ ተቅማጡና ሳሉም ሲመላለስ መውረድ ይጀምራል። መቀንጨር ከፍ ብሎ የሚታየው በሁለትና በሦስት ዓመት መካከል ነው። እናቶች ወደ ጤና ኬላ የሚመላለሱት ደግሞ በብዛት ክትባት እስኪያልቅ ነው። የዘጠኝ ወሩ የኩፍኝ ክትባት ከተሰጠ በኋላ ብዙዎቹ ይቀራሉ።

ይህ ምን ያህል እንደሚያሳስት በምሳሌ ቁጥር እንየው። በአንድ ወረዳ የክብደት ማነስ ከስድስት ወር በታች 5 በመቶ፣ ከ6 እስከ 11 ወር 10 በመቶ፣ ከ12 እስከ 23 ወር 20 በመቶ ነው እንበል። ለክትትል የመጡት 600 ልጆች 300ው ከስድስት ወር በታች፣ 200ው ከ6 እስከ 11፣ 100ው ከ12 እስከ 23 ወር ናቸው። 15 እና 20 እና 20 ሲደመሩ 55 ይሆናሉ፤ ለ600 ሲካፈል 9 በመቶ። በማኅበረሰቡ ውስጥ ግን ከሁለት ዓመት በታች ካሉት ልጆች ግማሽ ያህሉ ከ12 ወር በላይ ናቸው። በዚያ ድርሻ ሲሰላ (5 በሩብ፣ 10 በሩብ፣ 20 በግማሽ) ወደ 14 በመቶ ይወጣል። ልጆቹ አልተለወጡም፤ ቁጥሩ ግን በግማሽ ጨመረ። ከጤና ኬላው ሁለት ሰዓት የሚያስኬድ ጎጥ ውስጥ ያሉት፣ እናታቸው ለቀን ሥራ የምትውልባቸው ደግሞ ከመጀመሪያውም አልተመዘኑም። ስለዚህ ሪፖርቱን በዕድሜ ምድብ ከፍለው ያውጡት፤ ቢያንስ ከ12 ወር በታችና በላይ። መዝገቡ ላይ ስላለ ተጨማሪ ወጪ የለውም።

የክንድ ዙሪያ ልኬትን ከዚህ ጋር እንዳያቀላቅሉ። በክንድ ልኬት ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች የሆነ ከ6 እስከ 59 ወር ያለ ልጅ በከፍተኛ፣ ከ11.5 እስከ 12.5 በታች ያለው በመካከለኛ ደረጃ አጣዳፊ የምግብ እጥረት ውስጥ ነው። ይህ ልጁን ለሕክምና ለመለየት እጅግ ጠቃሚ ነው፤ በጥናት የሚወጣው 7 በመቶ መቀጨጭ ግን በክብደትና ቁመት የተሰላ ስለሆነ ሁለቱ የሚይዟቸው ልጆች በከፊል ይለያያሉ። የቆዩ ዓመታትን ሲመለከቱም ይጠንቀቁ፦ ቀደም ሲል የከፍተኛ እጥረት መለያው 11 ሴንቲ ሜትር ነበር። መለያው በተቀየረበት ዓመት የተጎጂዎች ቁጥር «ሲጨምር» ልጆቹ ባሰባቸው ማለት አይደለም።

አሁን ወደ 104 በመቶው። 43 በመቶው ከ12 እስከ 23 ወር ዕድሜ ካላቸው ልጆች ቢሲጂ (የሳንባ ነቀርሳ መከላከያ)፣ ሦስቱን ፔንታ፣ ሦስቱን ፖሊዮና አንድ የኩፍኝ ክትባት ሁሉንም የወሰዱት ድርሻ ነው። አንዱ ከጎደለ ልጁ አይቆጠርም። የፔንታ 3 ብቻ የአገሪቱ ቁጥር በዚያው ጥናት 61 በመቶ ነው፤ መነጻጸር ካለበት ከእሱ ጋር ነው። ልዩነቱ በዚህ አያበቃም። ጥናቱ ቤት ለቤት ሄዶ የክትባት ካርድ አይቶ፣ ካርድ ከሌለ እናትን ጠይቆ ይቆጥራል። የእናንተ ቁጥር የተሰጠው ክትባት በዕቅድ ሕዝብ ተካፍሎ የመጣ ነው፤ ከመቶ በላይ መውጣቱ ራሱ አካፋዩ እንዳነሰ ወይም ቆጠራው እንደበዛ የሚናገር ምልክት ነው።

አካፋዩ እንዴት እንደሚመጣ ይታወቃል። የመጨረሻው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ ያለው ሁሉ ትንበያ ነው፤ በትንበያው ላይ የተወሰነ መቶኛ ተባዝቶ ከአንድ ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ይገመታሉ። የ120,000 ሕዝብ ወረዳ ብንወስድና 3.1 በመቶ ብናባዛ 3,720 ሕፃናት ይወጣል። ፔንታ 3 የተሰጣቸው 3,870 ከሆኑ ሽፋኑ 104 በመቶ ነው። ተፈናቃዮች ገብተው ከሆነ፣ ከተማዋ ሰፍታ ከሆነ፣ የአጎራባች ወረዳ ቀበሌ ሰዎች ለቅርበት እናንተ ጋ የሚያስከትቡ ከሆነ ቁጥሩ ያብጣል። ሕዝብ ለቆ ሄዶ ከሆነ ደግሞ ሽፋኑ ያለ ምክንያት የወረደ ይመስላል። በተጨማሪ፣ ከዓመት በላይ የሆነው ልጅ ዘግይቶ ሲከተብ ከዓመት በታች ባለው ዓምድ ሥር ምልክት ማድረግ በቆጠራ ቅጹ ላይ የተለመደ ስህተት ነው።

ከአካፋዩ ችግር ነፃ የሆነ አንድ መለኪያ በእጅዎ አለ፤ የማቋረጥ መጠን። ፔንታ 1 ከወሰዱት ውስጥ ፔንታ 3 ላይ ያልደረሱትን ለፔንታ 1 ማካፈል ነው። የሕዝብ ግምት አይገባበትም። በ2011ዱ ጥናት ፔንታ 1 የወሰዱት 76፣ ፔንታ 3 የወሰዱት 61 በመቶ ስለሆኑ የአገሪቱ ማቋረጥ ወደ 20 በመቶ ነው። በእናንተ ፔንታ 1 4,050፣ ፔንታ 3 3,870 ከሆነ 180 ለ4,050፣ ማለትም 4.4 በመቶ ይሆናል። ይህ በእውነት ጥሩ ቁጥር ነው፤ ምክር ቤት ፊት ለመናገርም ያስደፍራል፣ ቆጠራው ትክክል ከሆነ። ለማረጋገጥ ሦስት አራት ጤና ኬላዎች ይምረጡና የአንድ ወር መዝገብን፣ የቆጠራ ቅጹንና ወደ ዲኤችአይኤስ 2 (የጤና ሪፖርት የሚገባበት የኮምፒውተር ሥርዓት) የገባውን ቁጥር ጎን ለጎን ያስቀምጡ። ሦስቱ ካልገጠሙ መጀመሪያ እሱን ያስተካክሉ። ማቋረጡ ከዜሮ በታች የወጣበት ጤና ኬላ ካለ፣ ማለትም ሦስተኛውን የወሰዱት ከመጀመሪያው ከበለጡ፣ በአብዛኛው የምዝገባ ስህተት ነው፤ አለዚያም ፔንታ 1ን ሌላ ቦታ የወሰዱ ልጆች መጥተዋል።

አሁን ደግሞ «የአገር አማካይ» ስለሚባለው። አማካዩ ውስጥ እናንተም አላችሁ፤ ኦሮሚያና አማራ ሕዝባቸው ብዙ ስለሆነ የአገሪቱን ቁጥር በአብዛኛው የሚወስኑት እነሱ ናቸው። ከተማና ገጠሩም ተደባልቋል፤ በ2011 መቀንጨር በገጠር 41፣ በከተማ 26 በመቶ ነበር። አዲስ አበባ ብቻዋን 14 ነበረች። የገጠር ወረዳ ከ37 ጋር ሲነጻጸር ከተማውንም እያነጻጸረ ነው፤ ከገጠሩ 41 ጋር ማነጻጸር ይበልጥ ፍትሐዊ ነው። በጽሑፉ ላይ ሁለቱንም ቢያስቀምጡ ይሻላል፤ የገጠሩን ብቻ ማስቀመጥ ለገጠር ልጅ ዝቅ ያለ ነገር ይበቃል የማለት መንገድ ይሆናል፤ እሱን አልመክርም።

«የሕፃናት ጤና» ብሎ በአንድ ቃል ማነጻጸርም አይሆንም። የ2008 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2016) ጥናትን ይመልከቱ። በአማራ ክልል መቀንጨር 46 በመቶ ሲሆን የአገሪቱ 38 ነበር፤ ክልሉ ይብሳል። መቀጨጭ ሁለቱም ዘንድ 10 ነው፤ እኩል ናቸው። የሕፃናት ደም ማነስ ደግሞ በአማራ 42፣ በአገር ደረጃ 57 በመቶ፤ ክልሉ ይሻላል። ሶማሌ ክልልን ብናይ ይገለበጣል፦ መቀንጨር 27፣ ግን መቀጨጭ 23፣ የደም ማነስ 83። ታዲያ ከሁለቱ የትኛው ክልል «ይሻላል»? መልስ የሚኖረው መለኪያ በመለኪያ ሲታይ ብቻ ነው፤ እርምጃውም እንደዚያው ይለያል። መቀንጨር የሚበዛበት ቦታ ሥራው ከእርግዝና ጀምሮ እስከ ሁለት ዓመት ያለው አመጋገብ፣ ንጽህናና ተደጋጋሚ ሕመም ላይ ነው፤ መቀጨጭ የሚያፈጥንበት ቦታ አስቀድሞ ልየታና የሕክምና ምግብ አቅርቦት ይቀድማል።

የደም ማነስ ነገር ከተነሳ፣ ደጋ ወረዳ ከሆናችሁ ይህን ልብ ይበሉ። ጥናቱ የሄሞግሎቢን ውጤትን በከፍታ አስተካክሎ ነው የሚቆጥረው። ከባሕር ጠለል በላይ በ2,500 ሜትር ላይ ከተለካው ወደ 1.3 ግራም በዴሲ ሊትር ይቀነሳል፤ ምክንያቱም አየሩ ሲሳሳ ሰውነት ሄሞግሎቢኑን ይጨምራል። ጤና ጣቢያ ላይ 11.8 የተመዘገበለት የሦስት ዓመት ልጅ ከማነስ መለያው ከ11 በላይ ስለሆነ ደህና ይመስላል፤ ሲስተካከል ግን 10.5 ነው፣ የደም ማነስ አለበት። ሳይስተካከል የተጠናቀረ የጤና ጣቢያ ሪፖርት ደጋውን ሁሉ ጤነኛ ያስመስለዋል።

ወቅት ሌላው ነው። መቀንጨር ቀስ ብሎ የሚመጣ ስለሆነ በወራት ብዙ አይለዋወጥም፤ መቀጨጭ ግን ከጎተራው ጋር ይወጣል ይወርዳል። የ2011ዱ ጥናት መረጃ የተሰበሰበው ከመጋቢት እስከ ሰኔ፣ የ2008ቱ ከጥር እስከ ሰኔ ነው፤ ያኔም አገሪቱ በኤልኒኖ ድርቅ ውስጥ ነበረች። በነሐሴ፣ እህል ባለቀበትና ተቅማጥ በበዛበት ወር የተደረገን ልየታ ከዚያ 7 በመቶ ጋር ማነጻጸር ወረዳውን ያለ ጥፋቱ ይወቅሰዋል። በጥር፣ ምርት ገብቶ ሲለካ ደግሞ ያለ ሥራው ያመሰግነዋል።

ስለ ሞት በአጭሩ፦ ወረዳ ላይ አያነጻጽሩ። ከአምስት ዓመት በታች ሞት በአገር ደረጃ ከ1,000 በሕይወት ከተወለዱ 59 ነበር (2011)። በወረዳችሁ በዓመት 4,000 ልጆች ይወለዳሉ ብንል በዚህ ስሌት 236 ሞት መሆኑ ነው። በጤና ተቋም መዝገብ የሚገኘው ከዚህ እጅግ ያነሰ ነው፤ ብዙው ሞት ቤት ውስጥ ስለሆነ። የክልል ቁጥር ሲያዩም፣ ለምሳሌ በ2008 አማራ 85፣ አፋር 125፣ አዲስ አበባ 39፣ እነዚህ ጥናቱ ከመደረጉ በፊት የነበሩትን አሥር ዓመታት ይሸፍናሉ፤ የአገሪቱ 67 ግን አምስቱን ብቻ። ሞት እየቀነሰ በሚሄድበት አገር አሥር ዓመት ወደ ኋላ ያየ ቁጥር ከፍ ማለቱ አይቀርም። አንድ ሰንጠረዥ ውስጥ ጎን ለጎን ስታስቀምጧቸው ክልሉ ከሚገባው በላይ የከፋ ይመስላል።

ወረዳው በመቀንጨር የት እንደቆመ ማወቅ ከፈለጋችሁ የቤት ለቤት ጥናት ያስፈልጋል። አገራዊው ጥናት ለወረዳ አያገለግልም፤ የ2011ዱ ለመላው አገር የመረጠው 305 የቆጠራ ቦታ ነው፤ ለአንድ ክልል ወይም ከተማ አስተዳደር ሲካፈል በአማካይ ከ30 ያንሳል። ለዚህ ነው አማራ ከ46 ወደ 41 ወረደ ሲባልም በጥንቃቄ መነበብ ያለበት።

የናሙናው ስሌት ይህ ነው። የሚጠበቀው መቀንጨር 40 በመቶ፣ የሚፈለገው ትክክለኛነት ሲደመር ሲቀነስ 5 ከሆነ፣ 1.96 (ለ95 በመቶ እርግጠኝነት የሚወሰደው ቁጥር) በራሱ ተባዝቶ፣ በ0.40 እና በ0.60 ተባዝቶ፣ 0.05 በራሱ ተባዝቶ ለሚገኘው ሲካፈል 369 ልጅ ይሰጣል። የአንድ ጎጥ ልጆች ስለሚመሳሰሉ በ1.5 ይባዛል፤ 554። 5 በመቶ ላይገኝ ስለሚችል 583። ሠላሳ ጎጥ፣ በእያንዳንዱ 20 ልጅ፣ 600 ቢያደርጉት ይበቃል። ጎጦቹ የሚመረጡት የሕዝብ ብዛታቸው እየተደመረ በተዘረዘረበት ዝርዝር ላይ ነው፦ 120,000ን ለ30 ሲያካፍሉ ርቀቱ 4,000 ነው፤ ከ1 እስከ 4,000 አንድ ቁጥር በዕጣ ያወጣሉ፣ ከዚያ 4,000 እየጨመሩ ይሄዳሉ። ዕጣው የወደቀበት ቆላ ጎጥ ሩቅ ነው ብሎ በቅርቡ መተካት ጥናቱን ያበላሸዋል። በፀጥታ ምክንያት መግባት ካልተቻለ መተው ይቻላል፤ ግን ስንት ቀበሌ እንደቀረ በውጤቱ አጠገብ ይጻፍ። የተዘጋ ቤት ቢያንስ አንዴ ተመልሶ ይታያል እንጂ በጎረቤት አይተካም። የታመመና የተኛ ልጅም ይለካል።

ከሁሉም በላይ የሚያበላሸው ዕድሜ ነው። 80.0 ሴንቲ ሜትር የሆነ ወንድ ልጅ ይውሰዱ። ዕድሜው 21 ወር ከሆነ የመቀንጨር መለያው 79.4 ስለሆነ አልቀነጨረም። እናቱ «ሁለት ዓመቱ ነው» ብላ 24 ተብሎ ከተጻፈ መለያው 81.7 ይሆናል፤ ልጁ ቀንጭሯል ተባለ። ስለዚህ የክትባት ካርድ፣ የልደት ምዝገባ ወይም የክርስትና ቀን መጀመሪያ ይጠየቅ። ከሌለ የአካባቢው የበዓላትና የክስተቶች ቀን መቁጠሪያ ተዘጋጅቶ ይሂድ፤ «ከፍልሰታ በፊት ነው ወይስ በኋላ? እሱ ሲወለድ ጤፉ ታጭዶ ነበር?» እየተባለ ወሩ ይጠብባል። የጳጉሜን ጉዳይም አለ፤ እንደ ሙሉ ወር የቆጠረ መረጃ ሰብሳቢ የሁለት ዓመቱን ልጅ 26 ወር ያደርገዋል። የስሌት ፕሮግራሞቹ የፈረንጅ ቀን ስለሚቀበሉ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ 7 ዓመት፣ ከዚያ በኋላ 8 ዓመት መደመሩም መረጋገጥ አለበት። የታኅሣሥ መጨረሻ ልደት ያላቸውን አንድ በአንድ ይዩአቸው፤ አንድ ዓመት የተሳሳተው ብዙ ጊዜ እዚያ ነው።

ልኬቱ ላይ፣ ከሁለት ዓመት በታች ያለው ልጅ ተኝቶ ይለካል፣ ከዚያ በላይ ቆሞ። ዕድሜ ጨርሶ ካልታወቀ 87 ሴንቲ ሜትር ድንበር ይሆናል። ቆሞ ሲለካ በ0.7 ሴንቲ ሜትር ያህል ስለሚያጥር የ18 ወር ልጅን ማቆም መቀንጨርን ያበዛል። ለመለካት ሁለት ሰው የግድ ነው፦ አንዱ ጭንቅላቱን ከላይኛው ሰሌዳ ጋር አስነክቶ ይይዛል፣ ሌላው ጉልበቶቹን ቀስ ብሎ ወደ ታች ተጭኖ ተንቀሳቃሹን ሰሌዳ ከውስጥ እግሮቹ ጋር ያገናኛል። ልጁ ሲያለቅስ ጉልበቱን ያጥፋል፤ አንድ እግር ብቻ ይዞ ማንበብ ያን ጊዜ ይመጣል፣ አንድ ሴንቲ ሜትርም ይጠፋል። ቁንጮና ሹሩባ ካለ ወደ ጎን ይደረግ፣ ጫማ ይውለቅ፣ ሰሌዳው በተስተካከለ መሬት ላይ ይሁን። ቁመት እስከ 0.1 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደት እስከ 100 ግራም ይነበባል። ከመውጣታችሁ በፊት እያንዳንዱ ለኪ አሥር ልጆችን ሁለት ሁለት ጊዜ ለክቶ ከአሠልጣኙ ጋር ይነጻጸር፤ በዚህ ያልተሳካለት ጸሐፊ ይሁን እንጂ አይለካ።

መረጃው ሲገባ በየምሽቱ ሊታይ የሚገባው ነገር አለ። ቁጥሮቹ በ.0 እና በ.5 ላይ ከተከመሩ እየተገመተ ነው። የክብደት ለቁመት ዜድ ስኮር (ልጁ ከመለኪያው መካከለኛ በስንት ስታንዳርድ ዴቪየሽን እንደራቀ የሚያሳየው ቁጥር) ስታንዳርድ ዴቪየሽን ከ0.8 እስከ 1.2 መካከል መሆን አለበት። ለምን እንደሚያስጨንቅ በምሳሌ፦ አማካዩ −0.5 ሆኖ ስታንዳርድ ዴቪየሽኑ 1.0 ከሆነ መቀጨጭ ወደ 7 በመቶ ይወጣል፤ በዝርክርክ ልኬት 1.4 ቢሆን እነዚያው ልጆች 14 በመቶ የቀጨጩ ይመስላሉ። በዓለም ጤና ድርጅት መለያ 7 በመቶው ከ10 በታች ስለሆነ «መካከለኛ» ነው፣ 14ቱ ግን «ከፍተኛ»። ልዩነቱን የፈጠረው ረሃብ አይደለም። የዕድሜ ስብጥሩም ይታይ፤ ከ6 እስከ 29 ወር ያሉት ከ30 እስከ 59 ወር ካሉት ጋር ሲነጻጸሩ ወደ 0.85 መሆን አለባቸው። ትንንሾቹ ከበዙ ትልልቆቹ ከብት ጥበቃ ወጥተው አምልጠዋል ማለት ሊሆን ይችላል።

ውጤቱ 41 በመቶ ወጣ እንበል። በ600 ልጅና በ1.5 ማባዣ የመተማመኛ ወሰኑ (እውነተኛው ቁጥር ይገኝበታል ተብሎ የሚገመተው መካከል) ከ36 እስከ 46 ነው። 37 ውስጡ ስላለ «ከአገር አማካይ ይለያል» አይባልም። 43 ቢወጣ ወሰኑ ከ38 እስከ 48 ስለሆነ በጠባቡ ያልፋል፤ የአገሪቱ ቁጥርም የራሱ ወሰን ስላለው ግን «ከፍ ያለ ይመስላል» ከማለት አይለፉ። ሦስትና አራት ነጥብ ልዩነት በወረዳ ጥናት አይያዝም።

እኩል መሆንም ደስ የሚያሰኝ አይደለም። በዓለም ጤና ድርጅት መለያ መቀንጨር 30 በመቶና ከዚያ በላይ ሲሆን «በጣም ከፍተኛ» ይባላል። 37 ራሱ እዚያ ውስጥ ነው። የሰቆጣ ቃል ኪዳን ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ልጆች መቀንጨርን እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ለማስቆም የተገባ ነው፤ አማካዩን ለመድረስ የተባለበት ቦታ የለም። ስለዚህ በሰንጠረዡ ላይ ከአገር አማካይ ቀጥሎ የመለያውን ደረጃና የወረዳውን የባለፉት ዓመታት ቁጥር ያስገቡ። በአንድ ዓይነት አሠራር የተለካ የራስ ያለፈ ዓመት ከየትኛውም አማካይ ይበልጥ ይናገራል።

ጥናት እስኪደረግ ድረስ ለምክር ቤቱ ይህን የመሰለ አንቀጽ ቢያቀርቡ ማንም አይከራከርዎትም፦ «በግማሽ ዓመቱ በእድገት ክትትል ከተመዘኑት ከሁለት ዓመት በታች ሕፃናት 9 በመቶው ክብደታቸው ለዕድሜያቸው ያነሰ ነው። የተመዘኑት በወረዳው ይኖራሉ ተብለው ከሚገመቱት ይህን ያህል በመቶ ናቸው፤ ከ12 ወር በላይ የሆኑት ይህን ያህል ብቻ ናቸው። ይህ ቁጥር ከአገራዊው የመቀንጨር መጠን ጋር አይነጻጸርም። የፔንታ ማቋረጥ መጠናችን ይህን ያህል በመቶ ሲሆን በ2011 ጥናት የአገሪቱ ወደ 20 ነበር። የፔንታ 3 ሽፋን ከመቶ በላይ የወጣው የዕቅድ ሕዝቡ ከእውነታው ስላነሰ ወይም ምዝገባው ስለተዛባ ሊሆን ስለሚችል እየተጣራ ነው። የወረዳውን የመቀንጨር መጠን ለማወቅ 600 ሕፃናትን የሚያካትት የቤት ለቤት ጥናት ከመጋቢት እስከ ሰኔ ባለው ጊዜ እንዲካሄድ በጀት እንጠይቃለን።» ወሩን ከመጋቢት እስከ ሰኔ ያደረግሁት ከ2011ዱ ጥናት ወቅት ጋር እንዲገጥም ነው። በእናንተ አካባቢ መንገዱ በሰኔ ዝናብ የሚዘጋ ከሆነ በሚያዝያ ይጀምሩና ሩቆቹን ጎጦች ያስቀድሙ።